ሌሊት የሚደነዝዙ እጆች

ግንቦት ሲጋመስ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ከሲያትልና ከአካባቢዋ ተነስተው ለሰመር ሥራ ወደ አላስካ የዓሣ ፋብሪካ የሚሄዱ የአገሬ ልጆች ይደውሉልኛል። ስለ ብርዱ፣ ስለ መኝታው፣ ስለ ምግቡና ስለ ኦቨርታይሙ ይጠይቁኛል። ልጇን ለመላክ የምታመነታ እናት ደግሞ «ባሕሩ አደጋ የለውም ወይ?» ትለኛለች። ስለ እጃቸው የጠየቀኝ ሰው ግን አላስታውስም። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ ላወራቸው የምፈልገው ስለ እሱ ነው።

ለዓመታት በሰመር ወራት በአላስካ ናክኔክ ወንዝ ዳር ባለ አንድ የሳልመን ዓሣ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። አሁን እዚሁ ሲያትል ዓሣ በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ነኝ። በዋሽንግተን ግዛት ሕግ 11 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ በአንድ ቦታና ፈረቃ ያለው ድርጅት የደኅንነት ኮሚቴ ሊኖረው ይገባል፤ በእኛም ኮሚቴ ውስጥ ባልደረቦቼ እንድወክላቸው መርጠውኛል። ስብሰባችን ላይ ስለ ቢላ መቆረጥና ስለሚያንሸራትት ወለል ብዙ ይወራል፤ ደም የፈሰሰበትንና የተሰበረውን ማንም ያያል። ቀስ ብሎ ገብቶ የሰውን እጅ፣ ትከሻና ወገብ የሚበላው ጉዳት ግን ከውጭ አይታይም። ይህን የምጽፈው እሱ እንዲታይ ነው።

ዓሣው አይጠብቅም

የናክኔክ ወንዝ የሚገባበት ብሪስቶል ቤይ ያለው በደቡብ ምዕራብ አላስካ ነው። በዓለም ትልቁ የሶክአይ፣ ማለትም የቀዩ ሳልመን ጉዞ የሚታየው እዚያ ነው። ዓሣው ከባሕር ወደ ተወለደበት ወንዝ የሚመለሰው በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የተመለሰው 79 ሚሊዮን ገደማ እንደነበር ተመዝግቧል። ያ ሁሉ ዓሣ በአጭር ጊዜ ተይዞ፣ ታጥቦ፣ ቀዝቅዞ ወይም ታሽጎ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ፋብሪካው ቀንም ሌሊትም አይዘጋም፤ ወቅቱ ሲጦፍ የ16 ሰዓት ፈረቃ የተለመደ ነው። በዚያ ሰሞን አላስካ ሌሊቱ በደንብ ስለማይጨልም ሰውነት መቼ መድከም እንዳለበት እንኳ ይምታታበታል።

ዓሣው ከጀልባ በትልቅ ቱቦ ተስቦ ይገባል። አንዱ ማሽን የዓሣውን ጭንቅላት ይቆርጣል፣ ሌላው ሆዱን ከፍቶ አንጀቱን ያወጣል። ማሽኑ ያልጨረሰውን ሰው ይጨርሰዋል። በጀርባ አጥንቱ ሥር ተጋድሞ የሚቀር ጥቁር የደም መስመር አለ፤ እሱ ካልወጣ ዓሣው ቶሎ ይበላሻል። የምናወጣው በአንድ ጫፉ ማንኪያ ባለው ቢላ ነው። ግራ እጅ ሆዱን ፈልቀቅ አድርጎ ይይዛል፤ ቀኙ ሽፋኑን ይሰነጥቃል፣ ማንኪያውን አጥንቱን ተከትሎ ይገፋል፣ በውሃ ያጥባል፣ ዓሣውን ወደሚቀጥለው ቀበቶ ያሳልፋል። ሠራተኛው ሁሉ ይህን ቦታ «ስላይም ላይን» ይለዋል።

ቁጥሩን አብረን እናስላው። አንድ ሰው አንዱን ዓሣ በ10 ሰከንድ ቢጨርስ በደቂቃ 6፣ በሰዓት 360 ይሆናል። ከ16 ሰዓቱ የምግብና የዕረፍት ጊዜ ተቀንሶ 14 ሰዓት ቢሠራ 5,040 ዓሣ ነው። ማንኪያው በእያንዳንዱ ላይ 4 ጊዜ ቢገፋ፣ ያ የእጅ አንጓ በአንድ ፈረቃ ከ20,000 ጊዜ በላይ ያንኑ እንቅስቃሴ አድርጓል። በማግስቱም እንደዚያው፤ እስከ ወቅቱ መጨረሻ።

ሌላውም ቦታ የራሱ ጣጣ አለው። ሥጋው በሚዘጋጅበት መስመር፣ በዓሣው አንድ ጎን ሥጋ ውስጥ 30 ያህል ቀጫጭን አጥንቶች አሉ፤ ማሽን ያመለጠውን በመንቀያ የሚነቅል ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን እየጨመቀ ይውላል። ከማቀዝቀዣው በኩል ያለው ደግሞ ወደ 23 ኪሎ የሚመዝን ካርቶን ከወገቡ በታች አንስቶ ከትከሻው በላይ ይደረድራል።

ልጅ ሆኜ ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የሚያወጡ ልጆችን ቆሜ አይ ነበር። አንዱ ልጅ ቆሮሶውን ይመርጣል፣ ይከፍታል፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያል፣ ቆዳውን ይገፍፋል፣ ያጥባል፣ ጠቅልሎ ለገዢው ይሰጣል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ መልስ ይቆጥራል። ጎንበስ ብሎ ስለሚውል ወገቡን ያመዋል፤ ሥራው ቀላል ነው አልልም። ሆኖም በአንዱና በሁለተኛው ዓሣ መካከል እጁ ሌላ ነገር ይሠራል፤ ሲያመው ይቀመጣል። በፋብሪካው መስመር ላይ ያ አንድ ሥራ ተበጣጥሶ ለብዙ ሰው ተከፋፍሏል። ለእያንዳንዳችን የደረሰን ቁራጭ ትንሽና ቀላል ነው። የሚጎዳን ትንሽነቱ ነው፤ ያችኑ እንቅስቃሴ ያለ ፋታ ስንደግማት እንውላለን።

ቆዳው ሥር ምን ይሆናል?

ብዙዎቻችን የሚጀምረን ሌሊት ነው። ተኝቶ ያለ ሰው እጁ ደንዝዞ ወይም እየወረረው ይነቃል፣ ያራግፈዋል፣ ይሻለዋል፣ ተመልሶ ይተኛል። ቀን ሲሠራ ደህና ስለሚመስለው ይረሳዋል። ይህ ካርፓል ተነል የሚባለው ሕመም የታወቀ ምልክት ነው።

በእጅ አንጓ ውስጠኛ በኩል ጠባብ መተላለፊያ አለ። ከታች አጥንት፣ ከላይ ደግሞ ጠንካራ ማሰሪያ ይዘጋዋል። በውስጡ ጣቶችን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ አብረው ያልፋሉ። ሥራ ሲደጋገምና ጉልበት ሲጨመርበት የጅማቶቹ ሽፋን ያብጣል። አጥንቱ አይሰፋም፣ ማሰሪያውም አይላላም፤ ስለዚህ የሚጨመቀው ነርቩ ነው። ይህ ነርቭ አውራ ጣትን፣ ሌባ ጣትን፣ መሃል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ ያገለግላል። ትንሿ ጣት ደህና ሆና ሌሎቹ ከደነዘዙ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ይህን ነው። ሐኪሞች የእጆቹን ጀርባ አጋጥሞ አንጓን ወደ ታች አጥፎ ለአንድ ደቂቃ በማቆየትም ይፈትሹታል፤ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ድንዛዜው ከመጣ ወደ ሌላ ምርመራ ያመራሉ።

በጊዜ ከተደረሰበት ሥራውን መቀየር፣ ማሳረፍና ሌሊት አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ማሰር ብዙ ሰው ይረዳል። ካልሆነ መርፌ፣ ከዚያም ያንን ማሰሪያ የሚከፍት ቀዶ ሕክምና አለ። በጣም ከቆየ ግን በአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ይሟሽሻል፤ ያኔ ሰው ብርጭቆ ይለቃል፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል፣ ስሜቱም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

የእጅ አንጓ ብቻውን አይደለም። በአውራ ጣት በኩል ያሉት ጅማቶች ሲቆጡ ዕቃ ማንሳት ያስለቅሳል። ጣት ታጥፎ ሲቀርና ቀጭ ብሎ ሲፈታ የሚያዩም አሉ። በክርን ውጪ በኩል የሚሰማው ሕመም ከመጨበጥ ይመጣል። ትከሻና ማጅራት ደግሞ የተለየ ታሪክ አላቸው፤ የሚደክሙት ከመንቀሳቀስ ይልቅ ክንድን በአየር ላይ ይዞ ከመቆም ነው። ጡንቻ ሲኮማተር እንደተጨመቀ ስፖንጅ ነው፤ ደም የሚያገኘው ሲለቀቅ ነው። ሥራው ካልለቀቀው የሚያስፈልገው ኦክስጅን በበቂ አይደርሰውም፤ ድካሙ ወደ ሕመም፣ ሕመሙም ወደ ጉዳት ይዞራል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ የምትገኝ የሰከንዶች ፋታ ለጡንቻ ትልቅ ዋጋ ያላት።

ብርዱ፣ ጓንቱና ቢላው

ዓሣው በረዶ ውስጥ የቆየ ነው፤ ውሃውም ይበርዳል። የቀዘቀዘ ጣት የመንካት ስሜቱ ስለሚደበዝዝ ሰው ሳይታወቀው ከሚያስፈልገው በላይ አጥብቆ ይጨብጣል። ጓንት ከብርድና ከቢላ ያድናል፤ ነገር ግን ሲደራረብና ከእጅ ሲሰፋ ይታጠፋል፣ ለመጨበጥም ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። እጀ ትንሽ ሴቶች «ሚዲየም የለም፣ ላርጅ ልበሺ» ሲባሉ ጉዳዩ የምቾት ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። ያ ሰፊ ጓንት በቀን ውስጥ በብዙ ሺህ ጭበጣ ላይ የሚጨመር ሸክም ነው።

የደነዘ ቢላም እንዲሁ። ስለት ሲጠፋ እጅ ይተካዋል። ገፋ ማድረግ ይመጣል፣ አንጓ ይጣመማል፣ ትከሻ ይነሳል። ዛሬ በምሠራበት ቦታ ኮሚቴያችን ከጠየቃቸው ነገሮች ሁሉ ርካሹና ፈጣን ውጤት ያየንበት የቢላ ስል ነው። አንድ ሰው ሥራው እሱ ብቻ እንዲሆን ተመደበ፤ በየዕረፍቱ የደነዘውን ሰብስቦ የተሳለውን ይተካል።

ሁለተኛው የጠረጴዛው ከፍታ ነው። ጠረጴዛው ለረጅም ሰው ተሠርቶ አጭር ሴት ስትቆምበት ፈረቃውን ሙሉ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ አንስታ ትሠራለች። ረጅሙ ደግሞ ዝቅ ባለው ላይ ጎብጦ ይውላል። ከእግር ሥር የሚቀመጥ፣ የማያንሸራትት፣ ከፍታው የተለያየ መቆሚያ ሲመጣ ማታ ማጅራታቸውን ይዘው የሚወጡ ሴቶች ሲቀንሱ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሦስተኛው ቦታ መለዋወጥ ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከአንዱ ቢላ ወደ ሌላው ቢላ መዛወር ለአንጓው ለውጥ የለውም። መለዋወጡ የሚጠቅመው የሚደክመው ጡንቻ ሲለያይ ነው። ከቢላ ወደ መመዘን፣ ከመመዘን ወደ መለየት፣ ከዚያ ወደ ማሸግ መሆን አለበት፤ ከመቁረጥ ወደ መቁረጥ ከሆነ በወረቀት ላይ ብቻ የሚያምር ፕሮግራም ነው።

ጥናቱ ከጀመረ ቆይቷል

ሥራ ሰውነትን በመደጋገምና በአቋቋም እንደሚጎዳ ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል። በዘመናችን እዚሁ በዋሽንግተን ግዛት ለረጅም ጊዜ የሠራችው ተመራማሪ ባርባራ ሲልቨርስታይን እ.ኤ.አ. በ1987 ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት፣ አንዱ የሥራ ዙር ከ30 ሰከንድ ሲያንስ ወይም ከዙሩ ከግማሽ በላዩ ያው እንቅስቃሴ ሲሆን «ከፍተኛ ድግግሞሽ» ብላ መደበችው። ድግግሞሽና ጉልበት አንድ ላይ ሲገናኙ ካርፓል ተነል እጅግ እንደሚበዛም አሳየች። የእኛን 10 ሰከንድ ከዚያ 30 ሰከንድ ጋር አስተያዩት።

እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ ጥናት ታይዋን ውስጥ በ8 የዓሣ ፋብሪካዎች 207 ሠራተኞች ተመርምረው ነበር። የሥራው ጉልበትና ድግግሞሽ እየጨመረ በሄደ ቁጥር የትከሻ ሕመሙም ካርፓል ተነሉም አብሮ ጨምሮ ተገኘ። በስዊድን የዓሣ ፋብሪካዎች የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ አንድ ጣሪያ ሥር ወንዱና ሴቷ የተለያየ ሥራ እንደሚይዙ አሳይተዋል፤ የሚደጋገመው ሥራ ለሴቶቹ፣ የሚለዋወጠው ለወንዶቹ ይደርስ ነበር፣ የአንገትና የትከሻ ሕመሙም በሴቶቹ ላይ ይበዛ ነበር። ይህን ሳነብ የራሴ ፋብሪካ በዓይኔ ዞረ። ሹፌሩ፣ ፎርክሊፍት የሚነዳው፣ ማሽን የሚጠግነው ወንድ ነው፤ መስመሩ ላይ ተደርድረን የቆምነው ግን አብዛኞቻችን ሴቶች ነን። «ሴት ደካማ ስለሆነች ታማለች» የሚል ሰው ሲገጥመኝ የምመልስለት ይህን ነው፤ መጀመሪያ የያዘችውን ሥራ እይ።

በአላስካም በ2014 እና በ2015 (እ.ኤ.አ.) የቀረቡ የካሳ ጥያቄዎች ሲመረመሩ በዓሣ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ከደረሱት ጉዳቶች ትልቁን ድርሻ ከያዙት መካከል የጡንቻና የጅማት መወጠርና መቀደድ ይገኝበታል።

እንግዲህ ዕውቀቱ ካለ ሕጉ የት ሄደ? የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ይህን ጉዳት የሚመለከት ደንብ እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ አውጥቶ ነበር፤ በመጋቢት 2001 (እ.ኤ.አ.) ኮንግረሱ ሻረው፣ ፕሬዚዳንት ቡሽም ፈረሙበት። ዋሽንግተን ግዛት በ2000 የራሷን ደንብ ብታወጣም በ2003 በሕዝብ ድምፅ ተሰረዘ። ግዛቲቱ እንዲህ ያለ ደንብ የማውጣት ሥልጣኗን በሕግ የመለሰችው በ2023 ነው። በፌዴራል ደረጃ የቀረው አሠሪ ሁሉ ከታወቀ ከባድ አደጋ የጸዳ የሥራ ቦታ እንዲያዘጋጅ የሚያዝዘው የ1970 አጠቃላይ ሕግ ነው።

ከእኛ በፊትም በዚህ ሥራ ብዙ ስደተኛ አልፏል። በሳልመን ፋብሪካዎቹ መጀመሪያ ቻይናውያን፣ ከዚያ ጃፓናውያን፣ ከዚያ ፊሊፒናውያን ቆመውባቸዋል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ኤድመንድ ስሚዝ የተባለ የሲያትል ሰው ዓሣ የሚያርድ ማሽን ሠራ፤ የብዙ ቻይናውያን ቆራጮችን ቦታ የወሰደው እሱ ነው። ፊሊፒናውያኑ እ.ኤ.አ. በ1933 ሲያትል ውስጥ የራሳቸውን የሠራተኛ ማኅበር አቋቋሙ። ማሽን ከባዱን ቁረጣ ወሰደ፤ ጥቃቅኑንና የሚደጋገመውን ለሰው ተወ። ዛሬ መስመሩ ላይ ከፊሊፒኖው፣ ከሜክሲኳዊው፣ ከዩክሬናዊውና ከሶማሌው ጎን የቆምነው እኛ ነን።

ለምን ይደበቃል?

አንዲት ወጣት እህት እጇን እያሻሸች ስታራግፍ አይቼ ምን ሆነሽ ነው ብላት «ምንም አይደል እትዬ፣ ብርድ መቶኝ ነው» አለችኝ። ይህን መልስ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። እኛ የቁርጥማትንም የድንዛዜንም ምክንያት ብርድ ላይ መጣል ለምደናል። ቅባት እንቀባለን፣ ወጌሻ እንፈልጋለን፣ በፎጣ ጠቅልለን እናድራለን። መታሸቱ ለጊዜው ያሳርፍ ይሆናል፤ በማግስቱ ያው 20,000 እንቅስቃሴ ከጠበቀው ግን ምን ይሆናል?

ሌላው ምክንያት ገንዘብ ነው፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም። በአላስካ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ የተሠራው አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ሰው የሄደው ለዚያ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ በብዙ ቦታ የመመለሻውን የአውሮፕላን ትኬት ድርጅቱ የሚችለው ውሉን ለጨረሰ ነው። እናም «አመመኝ» ማለት ከሥራ መባረር፣ ባዶ እጅ መመለስ፣ ትኬት ከኪስ መክፈል ሆኖ ይታያል። እንግሊዝኛ ያልቻለው ይፈራል፤ የቻለውም «ጠንካራ ልጅ» መባሉን ማጣት አይፈልግም። ቤተሰቡ ገንዘብ ይጠብቃል። እንዲህ እየሆነ ይደበቃል።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በዚህ ሥራ ላይ ደግሞ የደበቀ ካሳም አይኖረው ይሆናል። በአላስካ ሕግ የሥራ ጉዳት የደረሰበት ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪው በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ካሳው ማን አጠፋ ብሎ አይጠይቅም፤ ጉዳቱ ከሥራው መምጣቱን ነው የሚጠይቀው። ወቅቱ አልቆ፣ ሲያትል ተመልሶ፣ እጁ መሥራት ሲያቅተው ሐኪም ጋ የሚሄድ ሰው ግን ከሥራው መምጣቱን ማስረዳት ይከብደዋል። ስለዚህ ሌሊት ድንዛዜው ሲደጋገም፣ ቀኑን፣ የሠሩበትን ቦታና ምን እንደተሰማ በስልክም ቢሆን ጽፎ መያዝ፣ ለአለቃና ለፋብሪካው ነርስ መናገር፣ የተሰጠውን ወረቀት ቅጂ ማስቀረት ያስፈልጋል። ሐኪም ፊት ሲቀርቡም «እጄን ያመኛል» ብሎ ማቆም አይበቃም። የትኞቹ ጣቶች፣ ቀን ነው ሌሊት፣ በሥራ ላይ ስንት ጊዜ ምን እንደሚደጋገም በእጅ እንቅስቃሴ ጭምር ማሳየት ይጠቅማል። አስተርጓሚ መጠየቅም መብት ነው።

ለአሠሪዎችም የምለው አለ። የቀበቶውን ፍጥነት ዓሣው አልወሰነውም፤ ሰው ነው የወሰነው። በዚያ መስመር ላይ ሁለት ሰው መጨመር፣ በየሰዓቱ አጭር ፋታ መስጠት፣ የተሳለ ቢላ፣ ልክ የሆነ ጓንት፣ እጅ የሚሞቅበት ለብ ያለ ውሃና የሚስተካከል መቆሚያ ማዘጋጀት የሚያስፈልገው ወጪ ይታወቃል። ልምድ ያላት ሠራተኛ ስትጠፋ አዲስ ሰው ማሠልጠን፣ የተጎዳን ሰው ማሳከምና ካሳ መክፈልም ወጪ ነው። ይኸኛው ግን የሚመዘገበው በሌላ መዝገብ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አብሮ አይቆጠርም። አብሮ ይቆጠር ነው የምንለው።

በአገር ቤትም፣ በአሜሪካም ሆናችሁ ከዚህ ሥራ የሚላክ ገንዘብ ለምትቀበሉ ቤተሰቦች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ስትደውሉ ከሰላምታው ቀጥሎ «ሌሊት እጅሽ ይደነዝዛል ወይ? ዕቃ ይወድቅብሻል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ካለች ቻይው አትበሏት። ነገ ጠዋት ለአለቃዋ እንድትናገር፣ በጽሑፍም እንድታስቀምጠው ንገሯት። ገንዘቡ ትንሽ ቢዘገይ እንደምትታገሡ ቃል ግቡላት። በዚያ ፋብሪካ ውስጥ ሰው ሕመሙን እንዲደብቅ ከሚገፉት ነገሮች ሁሉ እናንተ ዛሬውኑ ልታነሱት የምትችሉት ይህን ሸክም ነው።